ቅልጥሜ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ነገር ወጣብኝ

የጠመኔ አቧራ፦

ሰላም ቤተሰብ። 46 ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ ነው የምውለው።

የዛሬ አምስት ወር ግድም ግራ እግሬ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች አየሁ። ቁንጫ ነው አልኩና ተውኩት። ግን ቁንጫ ያሳክካል፤ ይሄ ዝም አለ። ከወር በኋላ ነጠብጣቦቹ ተያያዙና መዳፍ የሚያህል ቡናማ ነገር ሆኑ። ጠርዙ ላይ አሁንም አዳዲስ ይወጣሉ። አንድ ሰው በርበሬ ቆንጥሮ የነሰነሰብኝ ነው የሚመስለው። ሰሞኑን ደግሞ ቀኝ እግሬም ጀምሯል።

እህቴ አይታ «እንሶስላ ሞቀህ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ቀስ ብላ «የሥጋ ደዌ እንዳይሆን» አለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አንድ ፋርማሲ ሄጄ «ችፌ ነው» ተብዬ ክሬም ተሰጠኝ። ሦስት ሳምንት ቀባሁት። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም፤ ቆዳዬ ግን ሳስቶ የሽንኩርት ልጣጭ መሰለ። በስፖንጅም ፈትጌዋለሁ፣ አልዋሽም። የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ።

ማታ ተረኛ፦

ቲቸር፣ መጀመሪያ መፈተጉን ያቁሙ። ነርስ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁምና መድኃኒት አላዝዝም። ግን ቤትዎ ሆነው የሚያዩት ነገር አለ።

ንጹሕ የሻይ ብርጭቆ ይውሰዱ፤ ያችኑ ትንሿን። መስኮት አጠገብ ቁጭ ይበሉ፣ በቀን ብርሃን። የብርጭቆውን ጎን ነጠብጣቡ ላይ አድርገው ጫን ይበሉና አሻግረው ይዩ። ነጥቡ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ደሙ ገና የደም ሥሩ ውስጥ ነው፤ ብርጭቆው ገፋ አድርጎት ነው። እንዳለ ቁጭ ካለ ግን ደሙ ከደም ሥሩ ወጥቶ ቆዳው ውስጥ ፈሷል። አዲሶቹን ነጥቦች ነው የሚሞክሩት፤ አሮጌው ቡናማ ምንም አይነግርዎትም። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላት ቶሎ አይታይም፣ ስለዚህ አይቸኩሉ።

በጣትዎም ይዳስሱት። ለጥ ያለ ነው ወይስ እንደ ሽፍታ ከፍ ከፍ ያለ?

የጠመኔ አቧራ፦

በረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ገብቼ ሱሪዬን ጠቅልዬ ብርጭቆ እግሬ ላይ ደግፌ ስቃኝ የሒሳቡ መምህር ገባ። «ሻይ ልትጋብዛት ነው?» አለኝ። ዛሬ ወሬውን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሰምቷል።

ውጤቱ፦ አልጠፋም። ብጫነውም ቁጭ ነው። ስዳስሰው ለጥ ያለ ነው፤ ዓይኔን ብጨፍን የቱ ጋ እንዳለ አላውቅም።

ቧንቧ ሠሪው፦

ሐኪም አይደለሁም፣ ሥራዬ ቧንቧ ነው። ይሄን ሳነብ ግን የገባኝን ልናገር። ጣሪያ ሲያፈስ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ይተዋል አይደል? ሰዉ ይጠራኝና «ኮርኒሱን ቀባነው፣ ተመልሶ መጣ» ይለኛል። ቀለም ምን ያድርግ፣ ጣሪያው ነው ያፈሰሰው! ቧንቧ ደግሞ የሚያፈሰው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ግፊቱ በዝቷል፣ ወይ ቧንቧው ራሱ ተበልቷል። የእግርህስ የትኛው ነው?

ቆዳ በሥልጠና ላይ፦

ቧንቧ ሠሪው፣ እኔ የቆዳ ሕክምና ስፔሻሊቲ እየተማርኩ ነው፤ ይሄ አገላለጽህ የፈተና መልስ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ግፊት ነው። ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሱት ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ። ደሙ ወደ ላይ ሲሄድ ይከፈታሉ፣ ወደ ታች ሊመለስ ሲል ይዘጋሉ። ደሙን የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲቆም ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለው የደም መላሽ ግፊት ወደ 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። ሲራመድ ወደ 30 አካባቢ፣ ከዚያም በታች ይወርዳል። በሮቹ ከላሉ ግን ቢራመድም አይወርድም። ያ ግፊት ወደ ኋላ ሄዶ ካፒላሪ የሚባሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ ያርፋል፤ እነሱም ያፈሳሉ። ውሃው ሲያፈስ እብጠት ይሆናል፤ ቀይ የደም ሴል ሲያፈስ ቀለም ይሆናል።

ሁለተኛው የካፒላሪው ግድግዳ ራሱ ሲቆጣ ነው። ካፒላራይቲስ እንለዋለን። እዚህ እብጠት ላይኖር ይችላል። ነጠብጣቡ ያው የጠመኔ አቧራ የገለጸው ነው፤ ጠርዙ ላይ አዲስ፣ መሐሉ ላይ አሮጌ።

ቀለሙ ከየት መጣ ላላችሁ፦ የፈሰሰውን ቀይ ሴል ቆዳ ውስጥ ያሉ ጠራጊ ሴሎች ይበሉታል። ውስጡ ያለውን ብረት ግን የትም አይጥሉትም፣ ሄሞሲደሪን አድርገው እዚያው ያስቀምጡታል። ዝገት በሉት። የቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን አይደለምና የማድያት ክሬም፣ የማንጫ ክሬም፣ ሎሚ፣ ስፖንጅ ምንም አያደርጉትም። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ቁጣው ሜላኒንም ስለሚጨምር ነገሩ ከዝገት አልፎ ጥቁር ይመስላል። መጽሐፍ ላይ ያለው የነጭ ቆዳ ፎቶ ብርቱካናማ ነው። እኛ ጋ ሰው መጥቶ «ጠቆረብኝ» ነው የሚለው። ብዙ ጊዜ በዚህ ነው የሚያመልጠን።

ለእናትህ ደግሞ፦ የሥጋ ደዌ ምልክት ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ቦታ ነው እንጂ በርበሬ አይነሰንስም። ስሜቱ ካለ በአብዛኛው ሌላ ነገር ነው። ግን ታይቶ ይረጋገጥ፣ እሷም ትረፍ።

ፊሊ ነዋሪ፦

በርበሬ ያልከው ነገር ገረመኝ። ይሄን የካፒላራይቲስ ዓይነት ጽፎ ያስተዋወቀው ሰው እኔ የምኖርበት ከተማ ሐኪም ነበር፤ ጄይ ፍራንክ ሻምበርግ ይባላል፤ በሽታውም በስሙ ይጠራል። 1901 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ላይ የ15 ዓመት ልጅ እግር አይቶ ነው የጻፈው። ነጥቦቹም እስከ ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት በቀይ የበርበሬ ዱቄት ነው የሚመሰሉት። አንተ መጽሐፉን ሳታይ ደረስክበት።

እኔም አለብኝ። ዘጠኝ ዓመቴ። ሐኪሜ የነገረኝ ነገር «ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አይገድልም፣ ሲሰለቸው ይተውሃል» የሚል ነው። ያኔ ተናድጄ ነበር። ለዚህ ነው ይሄን ያህል የከፈልኩት? አሁን ሳስበው ልክ ነበር።

(ሻምበርግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመኑ የቂጥኝ መድኃኒት ወደ አሜሪካ መግባቱ ሲቋረጥ እዚሁ ፊላደልፊያ ካመረቱት ሰዎች አንዱም ነው። ከርዕስ ወጣሁ፣ ይቅርታ። ታሪክ እወዳለሁ።)

ፌጦ ፍቱን፦

ይሄ ደም መብዛት ነው። ፌጦ ፈጭተህ በሎሚ ለውሰህ ለጥፍበት፣ በሳምንት ልጥጥ ነው የሚያደርገው። አያቶቻችን ካፒላሪ ሳያውቁ ነው የኖሩት።

ማታ ተረኛ፦

ወንድሜ፣ ፌጦ እወዳለሁ፤ ቤቴም አለ። ግን ፌጦ ቆዳ ያቃጥላል። ቅልጥም ላይ ደግሞ ቆዳው ስስ ነው፣ ከሥሩ አጥንት ነው፣ የደም ዝውውሩም ደካማ ነው። እዚያ ላይ የተቃጠለ ነገር ለመዳን ወራት ይፈጃል። ከውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ የሚወጣ የማይድን ቁስል አጥቤ አላውቅም ብልህ ውሸት ነው። አንዳንዱ የጀመረው እንዲህ ባለ ማቃጠል ነው። ልጥጥ ይላል ያልከው እውነት ነው፤ ቆዳው ነው የሚላጠው።

ፌጦ ፍቱን፦

እሺ፣ ለምግብ ብቻ።

ዱባይ ኩሽና፦

እኔ ከስድስት ዓመት በላይ ሰው ቤት ኩሽና ነው የምሠራው። ጠዋት 11 ሰዓት ተነስቼ ማታ 5 ሰዓት ነው የምቀመጠው። የኔ ነጠብጣብ የለውም። ከካልሲዬ መስመር በላይ እግሬ ያብጣል፣ ጣቴን ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ባቴ ላይ አረንጓዴ ሥር እንደ ገመድ ተጠምዟል። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በውስጥ በኩል ያለው ቆዳ ቡናማ ሆኗል፣ ጠንከርም ብሏል፤ ያሳክከኛል። ጠዋት ይቀንሳል፣ ማታ ይብሳል። ይሄስ ያው ነው?

ቆዳ በሥልጠና ላይ፦

እህቴ፣ ያንቺ የቧንቧ ሠሪው የመጀመሪያ ምክንያት ነው፤ ግፊት። ጠዋት ቀንሶ ማታ መባሱ፣ ተጠማዞ የወጣው ደም ሥር፣ በውስጥ በኩል ያለው ቡናማ ቀለም፣ ሁሉም የደም መላሽ በሮች እንደላሉ ይጠቁማል። የቆዳሽ መጠንከር ደግሞ የቆየ መሆኑን ይናገራል። የሚረጋገጠው የደሙን ፍሰት በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፣ ቆመሽ ነው የሚሠራው። ካልታከመ ማታ ተረኛ ወዳለችው ቁስል ሊሄድ ይችላል፤ ላስፈራራሽ አይደለም፣ ግን አታዘግዪው።

ሐኪም እስክታገኚ፦ ስትቆሚ ዝም ብለሽ አትቁሚ። ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ፣ ባትሽ ይሥራ። ስታርፊ እግርሽን ከልብሽ በላይ አድርጊ። በርጩማ ላይ ማድረግ አይቆጠርም፤ በርጩማ ከልብ በታች ነው። ተኝተሽ እግርሽን ግድግዳ ላይ አስደግፊ፣ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ። ቆዳሽን ተራ ቫዝሊን ቀቢው፤ መዓዛ ያለው ነገር አይሁን።

አንደኛው እግርሽ ብቻ በድንገት ካበጠና ባትሽን ካመመሽ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ያን ቀን «ነገ» አትበዪ። ትንፋሽ ካጠረሽም ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ዱባይ ኩሽና፦

እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። አርብ ዕረፍት አለኝ፣ እታያለሁ። ሌሊት ይሄን የምጽፈው እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነው።

የእማዬ ልጅ፦

ስለ እናቴ ልጠይቅ። 68 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት አለባት። አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት 5 ሚሊግራም ትወስድ ነበር፤ 10 ከተደረገላት በኋላ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፣ ነጠብጣብም ወጣ። ጎረቤት «ኩላሊቷ ነው» ብሎ አስደነገጠን። እሷ መድኃኒቱን ልተወው እያለች ነው።

ቆዳ በሥልጠና ላይ፦

እንዳትተው! የግፊት መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ከእግር እብጠት የባሰ ነገር ያመጣል።

ግን መድኃኒቱን መጠርጠራችሁ ልክ ነው። አምሎዲፒን ደም የሚያመጡትን ትንንሽ ሥሮች ያሰፋል፣ የሚመልሱትን ግን በዚያው ልክ አያሰፋም። መግቢያው ሰፍቶ መውጫው ከጠበበ መሐል ያለው ካፒላሪ ላይ ግፊት ይበዛል፣ ውሃም ያፈሳል። መጠኑ ሲጨምር እብጠቱ ይጨምራል፤ ከ5 ወደ 10 ሲኬድ መምጣቱ የተለመደ ነው። እብጠቱ ሰውነቷ በጠቅላላ ውሃ ስላጠራቀመ የመጣ ስላልሆነ የሽንት ክኒን ብዙም አይረዳውም። ሐኪሟ መጠኑን ሊቀንስ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ሊያክልበት ይችላል። ነጠብጣቡንም አንዳንድ መድኃኒት ያስነሳዋል፤ ፓራሲታሞልና አስፕሪን ሳይቀሩ ስማቸው ይነሳል። የምትወስደውን ሁሉ ዘርዝራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ የራስ ምታቱንም ጭምር። ኩላሊትም ልብም ይታይላት፤ ሁለቱም እግር ሲያብጥ አይታለፍም።

ዝም ብዬ አነባለሁ፦

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትስቁብኝ። ቀለሙ ብረት ከሆነ ጤፍ መቀነስ አለብኝ? ጤፍ ብረት አለው ይባላል። ቀይ ጤፍ ነው የምበላው።

ቆዳ በሥልጠና ላይ፦

ማንም አይስቅም፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። እንጀራህን ብላ። ይሄ ብረት ከምግብ ተርፎ የተቀመጠ አይደለም፤ እዚያው ቦታ ከፈሰሰ ደም የወጣ ነው። ኮርኒሱ ላይ ክብ ታየ ማለት ጋኑ ሞልቷል ማለት አይደለም። ሰውየው እንዲያውም ደም ማነስ ሊኖርበት ይችላል፣ እግሩ ላይ ብረት ተቀምጦ።

የአርሲው፦

የኛ አገር ዝሆኔ አይሆንም ወይ? ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው እግሩ ያብጣል።

ማታ ተረኛ፦

ዝሆኔ ከታች ነው የሚጀምረው፣ ከእግር ጣትና ከውስጥ እግር። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉልበት አካባቢ ይቆማል። ቆዳው ይሻክራል፣ ይወፍራል። የቲቸር ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው የጀመረው፣ እብጠትም የለውም። ዕድሜ ልኩን ጫማ አድርጎም ነው ጠመኔ የያዘው።

የእማዬ ልጅ፦

ቶሎ መታየት ያለበት ምን ዓይነት ነው? እኔ ሁሉም ያስፈራኛል።

ቆዳ በሥልጠና ላይ፦

በጣት ሲዳሰስ ከፍ ያለ ሐምራዊ ሽፍታ። ከሱ ጋር ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ካለ በዚያኑ ቀን። ድድ ወይም አፍንጫ መድማት፣ ያልተመታ ቦታ መበለዝ ካለም እንዲሁ፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ወርዶ ሊሆን ይችላል። ለጥ ያለ፣ እግር ላይ ብቻ ያለ፣ ሰውየውም ደህና የሆነ ከሆነ በቀጠሮ ይበቃል።

የጠመኔ አቧራ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። እናቴም አብራኝ ገባች፣ እምቢ ብላ።

ሐኪሟ በመጀመሪያ ጥጥ አውጥታ ቀጭን አድርጋ አሾለችው። «ዓይንህን ጨፍን፣ ሲነካህ ንገረኝ» አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦታ። ሁሉም ተሰማኝ። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን የሰማች አይመስለኝም።

ቀጥሎ ብርሃን ባለው አጉሊ መነጽር አየችው። መዳብ በሚመስል መደብ ላይ ቀያይ ነጥብ አለ አለች። ደሜ ታየ፤ ፕላትሌት 238 ሺህ። ከ150 እስከ 450 ሺህ ደህና ነው ተብያለሁ። ሽንቴም ንጹሕ ነው። ባዮፕሲ፣ ማለትም ከቆዳው ቆርጦ መመርመር፣ «አያስፈልግም፣ ቅልጥም ላይ የተቆረጠ ቶሎ አይድንም፣ መልኩን ከቀየረ ያኔ» አለች። ስሙ የሻምበርግ ነው። ፊሊ ነዋሪ፣ ሰላም በልልኝ! ቆሜ በመሥራቴ የተነሳ ትንሽ የደም መላሽ ግፊት ነገርም አለ ብላለች።

የፋርማሲውን ክሬም አስቆመችኝ። ክሎቤታሶል ነበር። ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፣ ሲያሳክክ ለአጭር ጊዜ ቢሆን ነው እንጂ ቀለም አያነሳም፤ ቆዳ ያሳሳል። ሩቲን ስለሚባል ከዕፅዋት የሚገኝ ነገርና ስለ ቫይታሚን ሲ ጠየቅኳት፣ ኢንተርኔት ላይ አይቼ። «ጥቂት ሰዎች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ታይቷል፣ ብዙ ማስረጃ የለም፣ መሞከር ግን ትችላለህ» አለች። ቫይታሚን ሲ 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ጀመርኩ። ከሱ ይልቅ ተስፋ ሰጪው እግር የሚያጠብቀው ካልሲ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚጫን፣ እስከ ጉልበት። ከማዘዟ በፊት ግን የእግሬን ትርታ ነካች፣ የቁርጭምጭሚቴንና የክንዴን ግፊት ለካች። ደም ቅዳው የጠበበ ሰው ላይ ማጥበቅ እግር ያሳጣል አሉ፤ የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ለክንዱ ተካፍሎ ከ0.5 በታች ከሆነ ጭራሽ አይደረግም። ስለዚህ ስኳር ያለበትና አጫሽ ዝም ብሎ ከገበያ ገዝቶ እንዳያደርግ።

አንድ የነገረችኝን ብልሃት ልንገራችሁ። በየሳምንቱ እሁድ ጠዋት እዚያው መስኮት ጋ፣ አንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አድርጌ ፎቶ አነሳለሁ። ሳንቲሙ ለልክ ነው። የአሁኑ ሦስተኛ ፎቶዬ ነው። ቡናማው እንዳለ አለ፤ ወራት፣ ምናልባት ዓመት ይፈጃል ተብያለሁ። ጠርዙ ላይ ያለው በርበሬ ግን በዚህ ሳምንት አዲስ የለም።

አሁን የቀረኝ ችግር ካልሲው ነው። ጠዋት ሃያ ደቂቃ እታገላለሁ። ትናንት ተጎትቶ ተጎትቶ ጣቴ ላይ ቀረ፤ አርፍጄ ገባሁ።

ማታ ተረኛ፦

ከአልጋ ሳይወርዱ ነው የሚደረገው ቲቸር፣ እግርዎ ሳያብጥ። ካልሲውን እስከ ተረከዙ ገልብጡት፣ መጀመሪያ ተረከዝ ቦታውን ይያዝ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ከላይ ጠቅልለው እንዳይተዉት፤ እንደ ገመድ ያስራል። ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት ያድርጉ። ጓንቱ ጨርቁን ይይዛል፣ በመዳፍዎ ወደ ላይ እያሻሹ ማንሳት ነው።

የጠመኔ አቧራ፦

ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። አራት ደቂቃ! ቢጫዋን የኩሽና ጓንት አድርጌ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ባለቤቴ ነቃች። አንዴ አየችኝና ምንም ሳትጠይቅ ተገልብጣ ተኛች።